በሩ ሲከፈት የሚበራው መብራት፦ የአሮጌ መኪና የውስጥ መብራት ሽቦ እንዴት ይሠራል?

ቮልስ፣ ላዳ፣ ፊያት 124፣ ፔጆ 504 ወይም ዲኤክስ ቶዮታ ያለው ሰው የውስጥ መብራቱ አንድ ቀን ሳያስቸግረው አይቀርም። በሩ ተከፍቶ አይበራም፤ ወይም በሩ ተዘግቶ አይጠፋም፤ ወይም እንደ ኩራዝ ደብዝዞ ይቀራል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አምፖሉ ይቀየራል። አልሆን ሲል ከባትሪው አዲስ ሽቦ ይጎተታል። እሱም አልሆን ሲል ሽቦው ተቆርጦ መብራቱ ለጌጥ ይቀመጣል። በመኪናው ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ መስመሮች ሁሉ ቀላሉ ግን ይኸው ነው፤ አንድ ፊውዝ፣ አንድ ወይም ሁለት አምፖል፣ ጥቂት ሜትር ሽቦና የበር ስዊቾች ብቻ። ሰውን የሚያደናግረው ማብሪያ ማጥፊያው የተቀመጠው ሰው በሚጠብቀው በኩል አለመሆኑ ነው።

በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆርጠው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን መስመር ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የተነሳው ሽቦ በፊውዝ አልፎ በቀጥታ ጣሪያው ላይ ካለው አምፖል ይደርሳል። ቁልፉ ቢነቀል፣ መኪናው ሳምንት ቢቆም፣ እዚያ 12 ቮልት ሌት ተቀን ይጠብቃል። የጎደለው መመለሻው ነው። ከአምፖሉ ሌላኛው ጫፍ የሚወጣው ሽቦ በበሩ ምሰሶ ውስጥ ወርዶ፣ በሩ ከሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ካለች አንዲት የምትጫን ስዊች ይደርሳል። በሩ ሲዘጋ ስዊቿን ይጫናታል፤ ውስጧ ያለው ንክኪ ይለያያል። በሩ ሲከፈት ሞላዋ ወደ ውጭ ይገፋታል፤ ንክኪው ከስዊቿ የብረት አካል ጋር ይገናኛል። ይህ አካል በብሎን ከመኪናው ላሜራ ጋር ታስሯል። ላሜራው ራሱ ማሳ ነው፤ በወፍራም ገመድ ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር ተያይዟል። መመለሻው ተገኘ፣ አምፖሉም በራ።

ፋብሪካዎቹ ይህን አሠራር የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ስዊቿ አንድ ሽቦ ብቻ ትፈልጋለች፤ የሁለተኛውን ሥራ ላሜራው ይሠራላታል። ሁለት በር ላለው ሁለት፣ አራት በር ላለው አራት ስዊች በአንዱ ሽቦ ላይ ጎን ለጎን ይቀጠላሉ። የትኛውም በር ብቻውን ቢከፈት መብራቱን ያበራል። ሁለተኛው ጥቅም ደህንነት ነው። ከአምፖሉ ወደ በሩ የሚወርደው ሽቦ ተልጦ ላሜራ ቢነካ ፊውዝ አይቃጠልም፣ ሽቦውም አይግልም፤ ከፊቱ አምፖሉ ስላለ የሚያልፈው አምፖሉ የሚፈቅደው ያህል ብቻ ነው። ምልክቱም መብራቱ አልጠፋ ማለቱ ነው። ከፊውዙ ወደ አምፖሉ የሚመጣው ሽቦ ላሜራ ቢነካ ግን ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ገና ካቻቢቴ ሳያነሳ ግማሹን ሥራ ጨርሷል፦ አልጠፋም ያለ መብራት ከአምፖሉ በኋላ ያለ ችግር ነው፣ በተቀየረ ቁጥር የሚቃጠል ፊውዝ ከአምፖሉ በፊት ያለ ችግር ነው።

ከማሳው ወገን ያልሆኑም አሉ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ የተሠሩ የአሜሪካ ፎርዶች የበር ስዊቻቸው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ነው። የዚያው ዘመን ጂኤምና ክራይስለር ማሳውን ይቆርጣሉ፤ እኛ ዘንድ የሚበዙት ቮልስ፣ ፊያት፣ ላዳና ቶዮታም እንዲሁ። ቢሆንም ሃምሳ ዓመት የኖረ መኪና ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ ሽቦ ከላሜራ ጋር አያነካኩ። ማረጋገጫውን ከታች እንመጣበታለን።

መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ያለችውን ቁልፍ ይሞክሩ

የጣሪያ መብራቱ አካል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ ያላት ትንሽ ቁልፍ አለች። አንዱ ቦታ ሁልጊዜ የጠፋ፣ አንዱ ሁልጊዜ የበራ፣ አንዱ ደግሞ በበሩ የሚታዘዝ ነው። «መብራቱ ተበላሸ» ተብሎ ጋራዥ ከሚመጣው መካከል ቁልፏ በልጅ እጅ ወይም በጽዳት ጊዜ ወደ «ጠፋ» የተገፋችበት አይጠፋም።

ሁልጊዜ የበራው ቦታ የሚሠራው የአምፖሉን መመለሻ በበሩ ስዊች ሳይሆን እዚያው በመብራቱ አካል ወይም በአጭር ሽቦ ከጣሪያው ላሜራ ጋር በማገናኘት ነው። ስለዚህ ይህች ቁልፍ የምርመራ መሣሪያ ናት። ወደ «ሁልጊዜ በርቶ» ሲገፏት በደንብ ከበራ ባትሪው፣ ፊውዙ፣ የሚመጣው ሽቦና አምፖሉ ደህና ናቸው፤ አዲስ አምፖል መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ችግሩ ወደ በሩ በሚወርደው ሽቦ ወይም በስዊቾቹ ነው። በዚህ ቦታም ካልበራ ደግሞ ወደ አምፖሉና ወደ ፊውዙ ይሂዱ። በመሃል ያለው ሦስተኛ ሁኔታ ብዙ መካኒክ ያሳስታል፦ በበሩ ይበራል፣ በቁልፏ ግን አይበራም። እዚህ የተበላሸው የመብራቱ የራሱ ማሳ ነው፤ ጣሪያው ላይ የሚያስረው ብሎን ላልቷል ወይም ዝጓል።

መብራቱን ሲያወርዱ አይታገሉት። አብዛኛው በአንድ ጎኑ በሞላ፣ በሌላው በጥርስ የተያዘ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በሞላው በኩል አስገብተው በቀስታ ያንሱት። በብርድ ጠዋት የአሮጌ መኪና ላስቲክ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ፀሐይ እስኪያሞቀው መጠበቅ ይሻላል። ከማውረድዎ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ይፍቱ፤ የሚመጣው ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ስላለበት እጅዎ ሲያመልጠው የጣሪያውን ጠርዝ ነክቶ ፊውዝ ያቃጥላል።

አምፖሉ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ እንደ ትንሽ ቀፎ የሚጋደም ዓይነት ነው። የሚይዙት ሁለት የነሐስ ክንዶች በሙቀት ብዛት ይዝላሉ፤ አምፖሉ በደንብ አይጨበጥም፤ ጫፉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይሠራል። ክንዶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽድተው በፒንሳ ትንሽ ወደ ውስጥ ያጥፏቸው። አምፖሉን በመልቲሜትር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ሲለኩ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ባለ 10 ዋት አምፖል ሲበራ ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን ወደ 14 ኦም ነው፣ ሲቀዘቅዝ ግን መለኪያው 1 ወይም 2 ኦም ብቻ ያሳያል። ይህ ጤነኛ ነው፤ «ውስጡ ተነካክቷል» ብለው አይጣሉት።

ከበሩ ጠርዝ የሚደረግ ምርመራ

ባትሪውን መልሰው ያስሩ። የጣሪያዋን ቁልፍ በበሩ በሚታዘዘው ቦታ ያድርጉ፤ ከሚመረምሩት በር በቀር ሌሎቹን በሮች ሁሉ ይዝጉ። ይህን የዘለለ ሰው ውጤቱ ይምታታበታል፤ ሌላ በር ከተከፈተ መስመሩ በዚያኛው ስዊች ከማሳ ጋር ስለሚገናኝ መለኪያው ዜሮ ያሳያል።

ስዊቿን የያዘውን ብሎን ፈተው ወደ ውጭ በቀስታ ይሳቧት። ሽቦው ከኋላዋ አብሮ ይመጣል። ከስዊቿ ሲለዩት ሽቦው ተመልሶ ምሰሶው ውስጥ ከገባ ግማሽ ቀን ፍለጋ ነው፤ ስለዚህ ገና ሳይነቅሉት በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት ወይም ክር ይሰሩበት። አሁን የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ጥቁሩን ንጹሕ ላሜራ ላይ ያድርጉ። 12 ቮልት ከበለጠ ከፊውዝ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ ያለው መንገድ ተያይዟል ማለት ነው።

ማረጋገጫው እዚህ ላይ ነው። ሽቦው እንደተነቀለ ሄደው አምፖሉን ከቤቱ ያውጡ፤ ሁለት የውስጥ መብራት ካለ ሁለቱንም። ተመልሰው ይለኩ። ቮልቱ ከጠፋ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በአምፖሉ በኩል ነበር፤ መኪናዎ ማሳ የሚቆርጠው ዓይነት ነው። አምፖሉ ወጥቶም ቮልቱ ካልጠፋ በቀጥታ ከፊውዝ የመጣ ሽቦ ነው፤ ላሜራ አስነክተው እንዳይሞክሩት። የሽቦ ቁጥር ብቻውን አያሳምንም። አንድ ሽቦ ያላት ስዊች የማሳ ናት፤ ሁለት ያላት ግን ወይ ፖዘቲቭ የምትቆርጥ ናት፣ ወይ ደግሞ የቁልፍ ማስታወሻ ጩኸት የተጨመረባት የሾፌር በር ስዊች ናት።

የማሳ ዓይነት መሆኑ ከታወቀ አምፖሉን መልሰው የሽቦውን ጫፍ ለተፋቀ ላሜራ ያስነኩት። በደንብ ከበራ ጥፋተኛዋ ስዊቿ ራሷ ናት፣ ወይም ስዊቿ ከላሜራው ጋር የምትገናኝበት ቦታ ነው። ደብዝዞ ከበራ መልቲሜትሩ 12 ቮልት ቢያሳይም መንገዱ ታሟል። መልቲሜትር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ለእሱ ሙሉ ቮልት ያሳያል፣ አምፖል ግን መሸከም አይችልም። ለዚህ ነው ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት ባለ 5 ዋት የመሞከሪያ አምፖል ከመልቲሜትር ይልቅ እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ የሚበዛው።

የሽቦ ቀለም ይረዳል፣ ግን አይታመኑበት። በጀርመን መኪና ቡናማ ማሳ ነው፤ ተርሚናል ላይ 30 የተጻፈበት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው፣ 31 ማሳ ነው። በሉካስ የኤሌክትሪክ ዕቃ የተሠሩ የእንግሊዝ መኪኖች ሐምራዊው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ነው፤ ሐምራዊ ነጭ መስመር ያለበት ወደ በር ስዊች የሚወርደው፤ ጥቁሩ ማሳ። ቶዮታ ነጭ ከጥቁር መስመር ጋር ለማሳ ይጠቀማል።

ማሳ፣ ማሳ፣ ማሳ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ይገባዋልም። «ጋሼ፣ አምፖሉ ደህና ነው፤ ማሳው ነው» ሲባል ባለመኪናው ሽቦ የተበጠሰ ይመስለዋል። ማሳ ግን ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ሁሉ ነው። በበር ስዊች ዘንድ ይህ ቦታ ከአንድ ብሎን ጥርስና ከቀለበት ቅርጽ ካለው የስዊቿ ጠርዝ አይበልጥም።

ዝገት ምን ያህል እንደሚበላ በቁጥር እንየው። ባለ 10 ዋት አምፖል 0.83 አምፔር ይወስዳል። በስዊቿና በላሜራው መሃል የተኛው ዝገት 5 ኦም ቢኖረው ከ12 ቮልቱ ወደ 3 ቮልት ገደማ እዚያው ይቀራል፤ አምፖሉ የሚደርሰው 9 ነው። ክር ያለው የድሮው ዓይነት አምፖል በ9 ቮልት የሚሰጠው ብርሃን ከሙሉው ሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደብዛዛ መብራት ሲያዩ ባትሪውን ከመውቀስ በፊት በሩን ከፍተው፣ መብራቱ እንደበራ፣ በስዊቿ ብረትና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል ይለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ የቀረው ቮልት እዚያ መንገድ ላይ ነው። ቀጥለው በአጠገቡ ባለ የተፋቀ ላሜራና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል ይለኩ፤ ይህ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ በስዊቿና በላሜራው መሃል ነው፤ ይህም ከፍ ካለ የባትሪው ወፍራም ገመድ ከአካሉ ጋር የታሰረበት ቦታ መታየት አለበት።

ሁለተኛው የማሳ ጠላት ቀለም ነው። መኪናው ላሜራ ተሠርቶለት፣ ስቱኮ ተቀብቶ፣ አምሮ ከወጣ በኋላ የውስጥ መብራቱ ዝም ይላል። ቀለም ቀቢው ስዊቿን አውልቆ ቀዳዳውን ዙሪያውን ቀብቶታል፤ የብሎኑ ቀዳዳም በስቱኮ ተደፍኖ እንደገና ተበስቷል። ስቱኮም ቀለምም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ስዊቿ አዲስ ብትሆንም የምትነካው ብረት የላትም። መፍትሔው ከስዊቿ ጠርዝ ሥር የሚሸፈነውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፋቅ ነው። ከጠርዙ ውጭ መፋቅ አያስፈልግም፤ ለዝገት በር መክፈት ይሆናል። በስዊቿና በብሎኑ ራስ መካከል ጥርስ ያላት ሮንዴላ ማስገባት ንክኪውን ያጠነክራል። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ የማይዝ ከሆነ ከስዊቿ አካል አጭር ሽቦ አውጥቶ በአቅራቢያው ካለ ጤነኛ ቡሎን ጋር ማሰር የተሻለ ነው። ስዊቿን በማጣበቂያ ለጥፎ መተው ግን ማሳዋን መግደል ነው።

ሲያጸዱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ። ስዊቿ ትውጣ፤ በጣት ተጭና ትለቀቅ፤ ሞላዋ ሳትነክስ መመለስ አለባት። ተርሚናሏ አረንጓዴ ከሆነ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሆምጣጤ ታሽታ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥባ፣ ሙሉ በሙሉ ትድረቅ። ጠርዟና ቀዳዳው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ። ብሎኑ ዝጎ ከሆነ ይቀየር፤ ውፍረቱ ተመሳሳይ ይሁን። መጀመሪያ ብረት ለብረት አጥብቀው ይሰሩ፤ ከዚያ በኋላ ከላይ ስስ ቫዝሊን ይቀቡ። ቫዝሊን ራሱ አያስተላልፍም፤ የሚያገለግለው ውሃና አየር እንዳይገባ ለመሸፈን ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለዚህች ስዊች ሁለት ዓይነት ፈተና ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት ዝናቡና ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በተሰነጠቀ የፊት መስታወት ጎማ በኩል ውሃ ያስገባል፤ ውሃው በምሰሶው ውስጥ ቁልቁል ወርዶ በቀጥታ ስዊቿ ላይ ያርፋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትሞቃለች፤ አቧራው ከቅባት ጋር ተቦክቶ የስዊቿን አንገት ይይዛል፤ ሙቀቱ የበሩን ጎማ ያደርቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ መኪና ሁለቱንም ይቀምሳል። ስዊቾቹን ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ሌላ ጊዜ አውጥቶ ማየት በቂ ነው። የመስታወቱ ጎማ ካልታደሰ ግን ስዊች መቀያየር ዋጋ የለውም።

አልጠፋም ሲል

በሩ ተዘግቶም መብራቱ ከበራ መጀመሪያ ጥፋተኛውን በር ይለዩ። በአንዱ በር ያለችውን ስዊች በጣት እስከ መጨረሻው ይጫኑ፤ ከጠፋ ስዊቿ ደህና ናት፣ በሩ ነው በደንብ የማይጫናት። በሩ ሲስተካከል ወይም አዲስ ጎማ ሲገባለት ርቀቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ የስዊቿም ራስ በዓመታት ይበላል። በበሩ በኩል ስዊቿ በምታርፍበት ቦታ ከውስጥ ጎማ የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ መለጠፍ ይበቃል። በጣት ተጭነውም ካልጠፋ ሽቦውን ይንቀሉ፤ ሲነቀል ከጠፋ ስዊቿ ውስጧ ተጣብቃለች። ሁሉም ስዊቾች ተነቅለው እንኳ ከበራ ሽቦው ምሰሶው ውስጥ ወይም ከጣሪያው ልባስ ሥር ተልጦ ላሜራ ነክቷል። የጣሪያ ልባስ ከተቀየረ በኋላ ይህ ከመጣ ልባሱን የያዘው ብሎን ሽቦውን ወግቶት እንደሆነ ይመልከቱ።

አዲስ ሽቦ ማሳለፍ ግድ ከሆነ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር በቂ ነው። አሮጌውን ከመሳብዎ በፊት አዲሱን ከጫፉ ጋር አስረው በፕላስተር ይጠቅልሉ፤ አሮጌው እየወጣ አዲሱን በምሰሶው ውስጥ ይመራዋል። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑር።

ፊውዝን በአጭሩ። በቮልስ፣ በፊያትና በላዳ የሚገቡት ሁለት ጫፋቸው የሾለ ፊውዞች ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። በላዳ 2101 የውስጥ መብራትና ጡሩምባ በአንድ ፊውዝ ያልፋሉ፤ ሁለቱ አብረው ከሞቱ ጣሪያውን ማፍረስ አያስፈልግም። እነዚህ ፊውዞች ሳይቃጠሉም ጫፋቸው ዝጎ ኤሌክትሪክ ይከለክላሉ፤ በጣት ሲሽከረከሩ መብራቱ ብልጭ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ መያዣዎቹን ይፋቁ። የሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ጠቅልሎ በፊውዝ ቦታ ማስገባት መኪና የሚያቃጥል ልማድ ነው። ቀጭኑ ሽቦ ላሜራ ሲነካ የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ይቀርና ሽቦው ራሱ ከጣሪያው ልባስ ሥር ይነዳል።

ኤልኢዲ ማስገባት የሚፈልግ የአሮጌውን አምፖል ርዝመት ይለካ፤ 31፣ 36፣ 39 እና 41 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ባለ 10 ዋቱን ቦታ ባለ 21 ዋት አምፖል አይግባበት፤ ሽፋኑን ያቀልጠዋል። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ይለያል፤ ካልበራ ገልብጠው ያስገቡት። በሮች ተዘግተው ጭል ጭል ካለ ደግሞ እርጥብ ወይም የቆሸሸች ስዊች ጥቂት ሚሊ አምፔር እያሾለከች ነው። የድሮው አምፖል ያንን አያሳይም ነበር። ስዊቿን ማጽዳት ይቀድማል፤ ካልበቃ 1,000 ኦም ግማሽ ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ከአምፖሉ ጎን ለጎን ይታሰር።

በ6 ቮልት የሚሠራ የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ለማሳ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ ያው ባለ 10 ዋት አምፖል እዚያ 1.67 አምፔር ስለሚወስድ ያው ዝገት ከ6 ቮልቱ የሚበላው ድርሻ ከ12ቱ ከሚበላው ከእጥፍ ይበልጣል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ከተሠሩት የእንግሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ ደግሞ ማሳቸው ፖዘቲቩ ነው፤ እዚያ ኤልኢዲውም መለኪያውም ይገለበጣል። የአሰብን መንገድ ያቆራረጠው የጭነት መኪና፣ ፊያት 682 ኤንትሬ፣ 24 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልት አምፖል እንደገባ ይቃጠላል። ለዚህ ሲባል ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ አንዱን ባትሪ አራግፎ ሌላውን ከመጠን በላይ እንዲሞላ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ጊዜያቸው ሳይደርስ ያልቃሉ። ባለ 24 አምፖል ይግዙ።

የሌባ ማንቂያ (አላርም) ለማስገባት ሽቦ ከበር ስዊች ሲቀጠል ሠራተኛው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሩ ሲከፈት ያ ሽቦ ማሳ ይሆናል ወይስ ፖዘቲቭ? ማንቂያዎቹ ለእያንዳንዱ የተለየ ሽቦ አላቸው። በተሳሳተው ከተቀጠለ በሩ ተከፍቶ ዝም ይላል፣ ተዘግቶ ይጮኻል። የጣሪያዋ ቁልፍ «ጠፋ» ላይ ስትሆንም የበሩ ሽቦ ከአምፖሉ ስለሚለይ አንዳንዱ ማንቂያ ግራ ይጋባል፤ በበሩ በሚታዘዘው ቦታ ይተዉዋት።

የቀረው ባትሪ ነው። ባለ 10 ዋት መብራት ሳይጠፋ ቢያድር በ12 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 10 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ባትሪው ባለ 45 አምፔር ሰዓት ከሆነ አንድ ሌሊት ሊችለው ይችላል፤ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ጠዋት ግን 30 ይሄዳል፤ በደሴ ብርድ የዚያን ጠዋት ሞተሩ አይዞርም። መጥፋቱን ለማየት ስልክዎን ቪዲዮ እየቀዳ መቀመጫው ላይ ትተው በሩን ይዝጉ። ከዚያ የተሻለው መለካት ነው። ቁልፉ ተነቅሎ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈተው መልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቦታ በገመዱና በባትሪው መካከል ያስገቡ፤ በዚህ ሁኔታ ሞተር እንዳያስነሱ፣ መለኪያው ይቃጠላል። ሰዓት እንኳ ቢኖረው አሮጌ መኪና ከጥቂት ሚሊ አምፔር በላይ አይወስድም። 0.8 ካሳየ ባለ 10 ዋት አምፖል የሆነ ቦታ በርቷል፤ 0.4 ካሳየ ባለ 5 ነው። ጣሪያው ጠፍቶም ቁጥሩ ካልወረደ የፊት መሳቢያውንና የዕቃ መጫኛውን ክዳን ከፍተው አምፖሎቹን በጣት ይንኩ፤ የሞቀውን ሲያወጡት መለኪያው ወደ ዜሮ ይወርዳል።